አሮጌዋ ደብል ጋቢና ጠዋት አልነሳም ስትል

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ ወር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። የመኪናዋ መስታወት ውርጭ ለብሷል። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር) ያሽከረክራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ደግሜ አዞርኩ፣ ያው ነው። በአምስተኛው ሙከራ ባትሪው መድከም ጀመረ። ጎረቤቶቼ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጥተው ገፉልኝ። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ስንደርስ ተነሳች።

እንዲህ ያለ ጠዋት አንድ ወር ሙሉ አሳልፌያለሁ። መጀመሪያ «ባትሪ ነው» ተባልኩና አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አልሆነም። ቀጥሎ «ኖዝል ነው» ተባልኩ፣ ሞተሩ ውስጥ ናፍጣ የሚረጨው ማለት ነው፤ አራቱም ተፈትተው ተስተካከሉ። ሁለት ቀን ደህና ሆነች፣ በሦስተኛው ቀን አገረሸባት። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት አንዲት ቱቦ ነበረች። ከናፍጣ ፊልትሮው (ከማጣሪያው) የምትወጣ፣ ስንዝር የማትሞላ፣ ጫፏ ላይ የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ። የቱቦዋ ዋጋ ከባትሪው ዋጋ አጠገብ የሚጠራ አልነበረም። ያ ሁሉ ወጪ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። ዕቃ ከመቀየሬ በፊት መንገዱን እከተላለሁ። መኪና ውስጥ ኤሌክትሪኩ፣ ናፍጣው፣ ውሃው፣ የሞተሩ ጉልበት፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ ተነስተው ወደ ሌላ የሚደርሱበት መንገድ አላቸው። መኪና ተበላሸች ማለት ከእነዚህ መንገዶች አንዱ የሆነ ቦታ ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። የተቋረጠበትን ቦታ ሳያገኙ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

የማወራው እዚህ አገር ሞልተው ስላሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለተሠሩት የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች ነው። 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር አላቸው፣ ቱርቦ የላቸውም። የፊት አክስላቸው ድፍን ብረት ነው። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ላይ ተቀምጠዋል። ኮምፒውተር የላቸውም። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ምክንያቱም ጥፋታቸው በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ይገኛል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለድሮዎቹ ላንድክሩዘር ፒክአፖችም ይሠራል።

ናፍጣ በምን ይቀጣጠላል?

የቤንዚን ሞተር ካንዴላው ብልጭታ ይሰጠዋል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ያፍነዋል። የታፈነ አየር ይግላል፣ ብስክሌት ስትነፉ ፓምፑ ጫፉ ላይ እንደሚሞቀው ማለት ነው። ግለቱ ናፍጣን ለማቀጣጠል ይበቃል። በዚያች ቅጽበት ኖዝሉ ናፍጣ ይረጫል፣ ይቀጣጠላል፣ አለቀ።

ስለዚህ ጠዋት አልነሳም ያለች መኪና ፊት ቆመን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሞተሩ በበቂ ፍጥነት ይሽከረከራል? አየሩ ይሞቃል? ናፍጣው ይደርሳል?

የደጋ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ወደ 30 በመቶ የሳሳ ነው። የሚታፈነው አየር ትንሽ ከሆነ ግለቱም ይቀንሳል። ብረቱ ደግሞ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ አድሯል። ቆላ ላይ ችግሯን ደብቃ የኖረች መኪና ደጋ ወጥታ የምትጋለጠው ለዚህ ነው።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አንድ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጉና እናንተ ከኋላ ቆማችሁ የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ ተመልከቱ። ሞተሪኖው እያሽከረከረ ነጭ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም። ችግሩ ሙቀት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ራሱ አልደረሰም። ይቺ አንዲት ምልከታ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። የኔዋ ያን ወር ሙሉ አንዲት ጭስ አልወጣትም ነበር። ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ ባትሪም አልገዛ፣ ኖዝልም አላስፈታ።

የማሽከርከር ጉዳይ

ቮልት የሚለካ ቴስተር ያስፈልጋችኋል። ርካሹም ይበቃል። ሌሊቱን ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲያሽከረክር ከ10 ቮልት በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው። ተነስቶም 12 ላይ የሚቀር ከሆነ ባትሪው ላይ አትፍረዱ፣ ዲናሞው ነው ያስራበው።

አንዳንዴ ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ እያቃሰተ ይዞራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሞተሪኖ ያስፈታል። ከዚያ በፊት የኔጋቲቩን ገመድ ፈትሹ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርጉና ቁልፉን አስዙሩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ገመዱ ሞተሩ ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፍቱት፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፣ መልሳችሁ እሰሩት። ባትሪው ራስ ላይ የሚጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄትም በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት።

የሙቀት ጉዳይ

የናፍጣ ሞተርም ካንዴላ አለው፣ ግን ብልጭታ የሚሰጥ ሳይሆን እንደ ምድጃ ሽቦ የሚግል ማሞቂያ ነው። አራት ናቸው፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ተደርድረው በአንድ ጠፍጣፋ ብረት ተያይዘዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የማሞቂያ መብራት በርቶ ጠፋ ማለት ካንዴላዎቹ ጋሉ ማለት አይደለም። መብራቱ የሚቆጥረው ሰዓት ነው። ሦስቱ ሞተው አንዱ ብቻ ቢቀርም መብራቱ እንደ ወትሮው በርቶ ይጠፋል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ያቺን ጠፍጣፋ ብረት ፍቷት፣ ካንዴላዎቹ ለየብቻቸው ይሁኑ። ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል ውሰዱ። አንዱን ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ እሰሩ፣ በሌላው የእያንዳንዱን ካንዴላ ጫፍ ንኩ። ካበራ ደህና ነው። ካላበራ ውስጡ ተቃጥሏል። አራቱም ደህና ከሆኑ ደግሞ ብረቷን መልሳችሁ ቁልፉን ከፍታችሁ እዚያው ብረት ላይ ቮልቱን ለኩ። ኤሌክትሪክ ካልደረሰ ችግሩ ሪሌው ወይም ፊውዙ ጋ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አልነሳ አለች ብላችሁ አየር ማስገቢያው ውስጥ ቤንዚንም ሆነ የማስነሻ ስፕሬይ አታርከፍክፉ። ውስጥ የጋለ ካንዴላ አለ። ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል፣ ፒስተን ይሰብራል፣ ፊት ያቃጥላል።

የናፍጣው መንገድ

ናፍጣው ከታንከሩ ይነሳል፣ በቀጭን ቱቦ ፊልትሮው ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ናፍጣውን በግፊት ወደሚልከው ፖምፓ፣ ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ። ፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ የሚጫን ትንሽ ፓምፕ አለ።

መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ፖምፓው ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ናፍጣውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማግኔት ነው። ካልተሰማ ሽቦውን ንቀሉና ኤሌክትሪክ መድረሱን ለኩ።

ጠቅ ካለ ወደ እጅ ፓምፑ ሂዱ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነካ፣ ተጫኑት። ባዶ ሆኖ ከገባ፣ ደጋግማችሁ ስትጫኑት ከጠነከረ፣ ከዚያም መኪናዋ በአንድ ጊዜ ከተነሳች ጥፋቱ ተገኘ። አየር እየገባ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ታንከሩ ተመልሷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ቱቦው ቢቀደድ ናፍጣ ይንጠባጠብ ነበር» ይላሉ። እኔም ያልኩት እንደዚያው ነበር። ግን ፖምፓው ናፍጣውን ከታንከሩ የሚያመጣው እየሳበ ነው፣ በስትሮ እንደምንጠጣው። ስትሮው ቢሰነጠቅ ጁሱ ወደ ውጭ አይፈስም፤ እናንተ አየር ትስባላችሁ። የተሰነጠቀ የናፍጣ ቱቦም እንዲሁ ነው። መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ አየር ያስገባል።

ስንጥቁን ለማግኘት ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ግልጽ ቱቦ አንድ ስንዝር ቁረጡ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ቱቦ ነቅላችሁ በቦታው ግልጹን አስገቡ፣ ሁለቱንም ጫፍ በደንብ አጥብቁ። ሞተሩን አስነስታችሁ ተመልከቱ። ጥርት ያለ ናፍጣ ካለፈ መንገዱ ደህና ነው። እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ እየተከታተለ ካለፈ ከዚያ ወደ ኋላ ያለ ቦታ አየር ያስገባል። ቱቦውን ወደ ኋላ እያዛወራችሁ፣ ከፊልትሮው በፊት፣ ከዚያ ታንከሩ አጠገብ፣ አረፋው የት ላይ እንደሚጀምር ታገኛላችሁ። የኔ ጉዳይ የገረመኝ የነቀልኳት ቱቦ ራሷ ጥፋተኛዋ መሆኗ ነው። ግልጹን ሳስገባ አረፋው ጠፋ። አሮጌዋን በሁለት ጣቴ ሳጥፋት ማጠበቂያው ስር የተደበቀው ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ግልጹን ቱቦ ግን በዚያው አትተዉት። ናፍጣ ያደርቀዋል፣ ለፍተሻ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ከፊልትሮው ሥር ውሃ ማውጫ ብሎን አለ። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፣ ስለዚህ ውሃው ከታች ይጠራቀማል። በወር አንዴ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ቅዱና አቁሙት። ከሥር ውሃ ከተለየ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። ፖምፓውን ከዝገት የሚጠብቀው ይህ ነው።

የምታፈላ መኪና

ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ነው። የጋለውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው 80ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ነው። ልዩነቷን ተመልከቱ፤ ጥቂት ዲግሪ ናት። ታዲያ ደጋ ላይ መኪና ሁሉ ለምን አያፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ስላለ ነው።

ክዳኑ ሽሮ ድስት ላይ እንደሚደፋው ክዳን አይደለም። ውስጡ ሞላ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ግፊቱ እዚያ እስኪደርስ እንፋሎቱን ያፍነዋል፣ እንደ ፕሬሸር ኩከር። በዚህ ግፊት ውሃው ደብረ ብርሃንም ሆኖ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ ያን ሁሉ ዲግሪ አጣችሁ። መኪናዋ ዳገት ላይ ታፈላለች፣ ራዲያተር ይጠረጋል፣ ቴስታታ ይወርዳል፣ ጥፋቱ ግን ክዳኑ ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ክፈቱትና ጎማውን በጥፍራችሁ ንኩት። ጠንክሮ ከተሰነጣጠቀ ቀይሩት።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። እኔ አልስማማበትም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደጋ ላይ በወጉ ሳይሞቅ ይውላል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። የተበላሸ ከሆነ በአዲስ ተኩት። ሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከትታችሁ ስታሞቁት ሲከፈት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ እጃችሁ ላይ ጠንክሮ ከጠበቃችሁ፣ ወይም ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱ ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ከሠራ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።

ጭሱ ምን ይላል?

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ እዚያው ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም። ዘሎ ከወደቀ የፒስተን ፋሻዎቹ (ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች) አርጅተዋል። ጥቁር ጭስ አየር አነሰ ወይም ናፍጣ በዛ ነው፤ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አራግፉ። ቱርቦ የሌላት መኪና ደጋ ላይ ዳገት ስትወጣ ትንሽ ብታጠቁር አትደንግጡ፣ አየሩ ሳስቷል።

ፎር ዊሉ

አንድ ነገር ላስቀድም። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። ከሥሯ ከመግባታችሁ በፊት ሻሲዋን በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ አሳርፉ፣ ተጨማሪ ጎማም ሻሲው ሥር አስገቡ። መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። ማርሽ አስገብቻለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። አንዱ የኋላ ጎማ ከተነሳ ማርሹ ሌላውን አይዝም።

እነዚህ ፒክአፖች ፊትና ኋላን የሚያመጣጥን መካከለኛ ዲፈረንሻል የላቸውም። ፎር ዊል፣ ማለትም አራቱም ጎማ እንዲነዳ፣ ስታስገቡ የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ስትታጠፉ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይዞራሉ፣ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተቻ የለም፤ ዘንጎቹ እንደ ተጠማዘዘ ገመድ ይወጠራሉ። የማርሽ ዘንጓ አልወጣ ትላለች፣ ክሮቸራ (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ይሰበራል። አልወጣ ካለች አትታገሏት። ቀጥ ብላችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፣ ውጥረቱ ይፈታል።

«ፎር ዊሏ አይሠራም» የምትባል መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቷ የፊት ጎማ መሐል ያለው፣ በእጅ የሚዞረው፣ ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው ሎክ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ባይቆልፍ ፊቱ በሙሉ ይሞታል፣ ምክንያቱም ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ቀላል ወደሆነለት፣ ወዳልተቆለፈው በኩል ያፈሰዋል። ፍተሻው እንዲህ ነው። ፎር ዊሉን አውጡ፣ ሁለቱንም ሎክ ቆልፉ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱና በእጃችሁ አሽከርክሩ። ወደ ፊት አክስሉ የሚመጣው ረጅም ዘንግ አብሮ መዞር አለበት። ጎማው ዞሮ ዘንጉ ከቆመ አንዱ ሎክ አልያዘም። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ግሪሱ ደርቆ ነው፤ ፈትቶ፣ በናፍጣ አጥቦ፣ ትንሽ አዲስ ግሪስ ማድረግ ይበቃዋል።

ጎማው ተነስቶ እያለ ላይና ታቹን ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተላወሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፣ እንደገና ወዝውዙ። መላወሱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው። ካልጠፋ ጎማው ለመሪ የሚዞርበት፣ ኳስ የመሰለው ብረት ላይና ታች ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው። ግራና ቀኙን ይዛችሁ ስትወዘውዙ ከተላወሰ ደግሞ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን መገጣጠሚያዎች) ተመልከቱ።

ያን ኳስ ወደዳችሁም ጠላችሁም ታውቁታላችሁ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሩና ከጎማው ጀርባ ጎንበስ በሉ። ኳሱ ላይ ስስ ግሪስ ቢኖር ጤና ነው። ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ እየወረደ የጎማውን ጀርባ ካረጠበ፣ አክስሉ ውስጥ ያለው ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው ማሸጊያ) ተቀዷል። የዲፈረንሻል ዘይት ኳሱ ውስጥ ገብቶ ግሪሱን አቅጥኖታል። ቆይቶ ገደላ መንገድ ላይ ፎር ዊል አስገብታችሁ ስትታጠፉ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሥራው ከባድ ሚስጥር የለውም፣ ግን ቆሻሻና አድካሚ ነው። አንዱ ጎን ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ወስዶብኛል።

የናፍጣ ፖምፓ ማስተካከል እቤት አይሞከርም፤ ልዩ ማሽን ይፈልጋል። የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ፣ ታይሚንግ ቤልትም፣ እጁ ለለመደ ሰው ይተው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ሲበጠስ ፒስተኑና ቫልቮቹ ይጋጫሉ። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት።

አክስሉ አናት ላይ ጣት የምታህል መተንፈሻ አለች። ጭቃ ይደፍናታል፣ ማንም አያያትም። አክስሉ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መተንፈሻዋ ከተደፈነች ዘይቱን በሲሉ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። አዲስ ሲል ገብቶ በወሩ የሚያንጠባጥበው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ወንዝ ስትሻገሩ ደግሞ የጋለው አክስል በድንገት ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይኮማተራል፣ ውሃውን በዚያው ሲል ወደ ውስጥ ይስበዋል። መተንፈሻዋን ፈትታችሁ በናፍጣ እጠቧት፣ በአፋችሁ ንፉባትና አየር ማሳለፏን አረጋግጡ። ጥልቅ ወንዝ ከተሻገራችሁ በማግሥቱ፣ መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ፣ የዲፈረንሻሉን የታች ብሎን ትንሽ አላሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከመጣ፣ በዚያው ቀን ቀይሩት።